የሚንጣጣ ጧፍ

ጧፍ ቤት የገባሁት አባቴ ባረፈ በዓመቱ ነው። አባቴ እንጦጦ ላይ ካሉት ደብሮች በአንዱ መጻሕፍት ያስተምር ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት ያስደገመው እኔን ነው። ደቀ መዛሙርቱ ትርጓሜ ሲማሩ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጬ ጥጥ እየፈለቀቅሁ አዳምጣለሁ። አንድ ቃል ያነሡና «እንዲህ ማለት ነው» ይላሉ። ያንን ገና ሳልይዘው «አንድም» ብለው ሌላ ያመጣሉ፤ ቆይተው ደግሞ «አንድም» ይላሉ። የመጀመሪያው መልስ የመጨረሻው መልስ እንዳልሆነ የተማርኩት ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። አንድ ቀን እንኳ ግን አፌን ከፍቼ አልጠየቅሁም። ሴት ልጅ ከጓዳ ሆና በወንዶች ጉባኤ ላይ ጥያቄ አትወረውርም፤ የምትወረውር ብትኖርም እኔ አልነበርኩም። ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ከጉሮሮዬ አያልፍም። ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነኝ።

አባቴ ሲሞት ቤቱ ለተተኪው መምህር ተሰጠ። ያስጠጉኝ እማሆይ ናቸው፤ ለደብሩ ጧፍ የሚሠሩ መነኩሲት። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች፣ የጽድ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ከቆመበት ዳገት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ገና ወደ ፍል ውሃው አልወረደም፤ ከብት ያለቀበት ክፉ ዘመንም ገና አልመጣም። እንጦጦ በሰው ተጨናንቆ፣ በድንኳንና በጎጆ ተሸፍኖ፣ ጠዋት ጠዋት ከጭጋጉ ውስጥ የበቅሎ ኮቴና የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል።

ሰሙ የሚመጣልን ከጠጅ ቤት ነው። ማሩ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈውን እድፋም ሰም ሰፈፍ ይሉታል፤ እሱን በቅል ያመጡልናል። ከውሃ ጋር በትልቅ ምንቸት እናፈላዋለን፤ በጨርቅ ከረጢት ጨምቀን እናሳድረዋለን። ሲነጋ ሰሙ እንደ እንጎቻ ከውሃው ላይ ረግቶ እናገኘዋለን። ሥሩን በቢላ ፍቀን ንጹሑን እንደገና እናቀልጠዋለን። ከዚያ ከልቃቂቱ ላይ ፈትል እየመዘዝን፣ ደራርበን እየገመድን፣ በቀለጠው ሰም ውስጥ እንስበዋለን። በመዳፋችን አሽተን፣ ደግመን እንስበዋለን። ልብሳችንም ጣታችንም ማር ማር ይሸታል፤ ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ንብ ትከተለናለች።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። የየካ ልጅ ናት። አባቷ ከዋሻ ሚካኤል በታች ባለው ጫካ ቀፎ ይሰቅላል። በቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን የለመደችው ከአባቷ ጋር ማር ይዛ ወደ ሰፈሩ ስትወጣ ነው። እንጦጦ ከሰፈረው ጦር አንድ ወታደር አገባት፤ ዓመት ሳይሞላቸው እሱ ወደ ደቡብ ዘመተ። እሷም ከባሏ እናት፣ ከአማቷ ጋር ቀረች፤ ቀን ቀን ከእኛ ጋር ትሠራለች።

እኔ በሆዴ የማብሰለስለውን እሷ በአፏ ታወጣዋለች። ነገር ሲገርማት በአባቷ ቋንቋ ነው የምትጀምረው። «ማሊፍ?» ትላለች፤ «ለምን?» ማለቷ ነው።

«እማሆይ፣ ሰም ለምን ከውሃ በላይ ይቀመጣል?»

«ትዕቢተኛ ስለሆነ።»

«ማሩስ ለምን ውሃው ውስጥ ይጠፋል?»

«ትሑት ስለሆነ።»

«ታዲያ ለቤተ ክርስቲያን የምንወስደው ትዕቢተኛውን ነው?»

እማሆይ የሚያማስሉበትን እንጨት አነሡባት። «ወይዘሮ ማሊፍ! እግዜር ምላስ ሲያድል ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የተሰለፍሽው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ያን ቀን ተኝተሽ ነው የዋልሽው።»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩት። የዚያን ቀን ማታ ተኝቼ ግን ስለ ሰሙ ሳስብ ቆየሁ። ለእኔ ሥራ እስከዚያ ድረስ እጅ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ እጅ ከለመደው በኋላ ልብ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። እሷ ከመጣች ወዲህ ግን ልቤ ከእጄ ርቆ መሄድ ተወ። ምንቸቱ ውስጥ፣ ፈትሉ ላይ፣ እሳቱ ጫፍ ላይ መዋል ጀመረ። ድካሙ ያው ነው፤ ቀኑ ግን አጠረልኝ።

በሰፈራችን የስለት ጧፍ የሚታይበት ልማድ ነበር። ዘማች ያላት፣ ልጅ የታመመባት፣ መካን የሆነች ሴት ተስላ ጧፍ ታበራለች። ጧፉ ጸጥ ብሎ እስከ ጣቷ ድረስ ከነደደ ስለቷ ሠምሯል ይባላል። ከተንጣጣና ከጠፋ ግን «አልተቀበለቻትም» ይላሉ፤ እመቤታችንን ማለታቸው ነው። ካህናቱ ይህን አላስተማሩም። ግን አልከለከሉምም።

ነገሩ የተጀመረው በፍልሰታ ሱባኤ ነው። ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ አልገለጥ ያለበት፣ ዝናቡም ሲያባራ እንኳ ከጽዱ ላይ የሚንጠባጠብበት ክረምት ነበር። ጓደኛዬና አማቷ ጎን ለጎን ቆመው፣ አማቷ ስለ ልጃቸው እሷ ስለ ባሏ ጧፍ አበሩ። የአማቷ ጧፍ ነፋስ እንደሌለበት ውሃ ጸጥ ብሎ ነደደ። የጓደኛዬ፣ ከእማሆይ ቤት የመጣው፣ ገና ከመለኮሱ ጠሽ ጠሽ አለ፤ ትኩስ ሰም እጇ ላይ ረጨባት፤ ጠፋ። ከአጠገቧ ካለችው ሴት ለኮሰችው። አሁንም ተንጣጣና ጠፋ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። የሴቶቹ ነጠላ ወደዚያና ወደዚህ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዞረው እያዩዋት ነው።

ከቅጥሩ ስንወጣ አማቷ ሰው እስኪያልፍ እንኳ አልጠበቁም።

«ልጄ ደኅና ነው» አሉ። «የኔን አይታችኋል፤ እስከ ጣቴ ነው የነደደው። ያንቺን ግን አልተቀበለችሽም። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እሜቴ፣ ምን አደረግሁ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እስከ መስቀል እታገሥሻለሁ። ከዚያ ወደ አባትሽ ትወርጃለሽ። እመቤታችን የጠላቻትን እኔ በቤቴ አላኖርም።»

የካ ሩቅ አገር አይደለም። ቁልቁለቱን መውረድ ነው፤ አባቷም አይጥላትም። ግን የዘማች ወሬ የሚመጣው ወደ ዘማቹ ቤት ነው። መልእክት ያለው ሰው የዘማቹን እናት ደጅ ጠይቆ ይሄዳል እንጂ የማር ቆራጭን ልጅ ፍለጋ ጫካ አይገባም። ከዚያ ቤት ከወጣች የባሏን ሞትም ሆነ ሕይወት ከሁሉ መጨረሻ የምትሰማው እሷ ትሆናለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጥቂት ቀን ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ቤቱ እንግዳ ሆነብኝ። ሰም እየጨመቅን ሳለ ድንገት «ምናልባት እውነት ይሆን?» አለችኝ። «አንድ ቀን ባሌ ሲቆጣኝ በልቤ ሰድቤዋለሁ። እሱ ይሆን?»  ባሏን በልቧ የሰደበች ሁሉ ጧፏ የሚጠፋ ቢሆን የሁሉም ጧፍ መጥፋት ነበረበት ልላት ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም።

በማግስቱ ግን ፊቷ ተለውጦ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «ማሊፍ?» አለች። «እኔ ምን እንዳደረግሁ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ጧፉ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ጧፉ ለምን ተንጣጣ?»

ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «አንድም ሰሙ ነው» አልኩ። «አንድም ነፋሱ ነው። አንድም ፈትሉ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «ይቺ ልጅ ለካ አፍ አላት!»

ከሰሙ ጀመርን። «ሰሙ ከአባቴ ማር የመጣ ከሆነ እንዳትነኪው፤ የአባቴ ንቦች አያስነጥሱም» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ቢሆንም ሰፈፉን ሁለት ጊዜ አፍልተን ሁለት ጊዜ አጠለልነው። በዚያ ሰም የሠራነው የስለት ጧፍ እንደ ቀድሞው ተንጣጣ። ቀጥለን ነፋሱን ፈተንነው። ነፋስ ከማይደርስበት ከጓዳው ጥግ፣ እኔ በነጠላዬ ከልዬላት አበራችው። ተንጣጣ። ሰሙን ከነፋሱ ጋር ትተን ቁጭ አልን።

«እስቲ አስቢ» አለችኝ። «በበጋ ስንቷ ሴት ናት ጧፌ ጠፋብኝ ብላ ያለቀሰችው? እኔ አንዷንም አላስታውስም። እመቤታችን የምትቆጣው ክረምት ክረምት ብቻ ነው?»

ፈትሉ ላይ ያደረሰን ግን ብልሃታችን አልነበረም። የስለት ፈትል አለቀብንና ጓደኛዬ ለሙከራ ያህል የገዛ ነጠላዋን ዘርፍ መዘዘች። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር የዋለች ናት። ገመደችው፣ በሰም ሳበችው፣ ለኮሰችው። ጧፉ ድምፅ ሳያሰማ ነደደ።

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ተመለከትነው።

«የኔ አሮጌ ዘርፍ ከስለት ፈትል ይበልጣል?» አለች።

የስለት ፈትል በእማሆይ ቤት እንደ ሌላው ፈትል አይቀመጥም ነበር። ለየቤቱ የሚሆነውን ፈትል ከምድጃው በላይ ካለው ወጋግራ ላይ ያንጠለጥሉታል። የስለቱን ግን የወጥና የጭስ ሽታ እንዳይነካው ብለው ከምድጃው አርቀው፣ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ባማረ ሙዳይ ያስቀምጡታል። ጠዋት ጠዋት ከምንጩ ዳር ትኩስ ቄጠማ አጭደው፣ አሮጌውን አንሥተው አዲሱን ያለብሱታል። ቄጠማው ሲመጣ ጤዛው ገና አልረገፈለትም። ለእመቤታችን የሚሄድ ነው፤ ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል? ማናችንም ይህን ስናይ ኖረን ምንም አላሰብንም። ጥሩ ነገር መሆኑን ብቻ ነበር የምናውቀው።

ከወጋግራው አንድ ፈትል፣ ከሙዳዩ የተረፈውን አንድ ብጣሽ አንሥቼ ጉንጬ ላይ አደረግኋቸው። አንዱ እንደ ጉንጬ ነው። ሌላው ቀዘቀዘኝ።

«ውሃ ይዟል» አልኩ። «በበጋ ይደርቃል፤ በክረምት ጭጋግ ግን እንዲህ እርጥብ ይቀራል።»

«በምን እናውቃለን?»

ይህን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። «እርጥቡን ብናደርቀው ላይንጣጣ ይችላል» አልኩ። «ግን ደረቁንም እናርጥበው። ሆን ብለን እናበላሸው። እሱም እንደ ስለቱ ከተንጣጣ ያን ጊዜ እናውቃለን።»

ደረቁን ፈትል በቄጠማው ጤዛ አሸነው፤ የስለቱን ብጣሽ ምድጃው ዳር ዘረጋነው። ሁለቱንም በአንድ ሰም ሠራናቸው። በጤዛ የታሸው ጠሽ ጠሽ አለና ጠፋ። ከሙዳዩ ወጥቶ የደረቀው ጸጥ ብሎ ነደደ። ጓደኛዬ እየሳቀች እያለቀሰች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ድምፄን ሳልሸፍን ሳቅሁ። በሕይወቴ ደስ ያሰኙኝ ሌሎች ቀኖችም ነበሩ፤ እንደዚያች ሰዓት ያለ ግን አላገኘሁም። አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ማወቅ፣ ያውም ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ማወቅ ምን እንደሚመስል ለማን እንደምነግረው አላውቅም።

እማሆይ የደረሱት በሳቃችን መካከል ነው። ምድጃው ዳር የተዘረጋውን አዩ።

«የስለት ፈትል ከወጥ ድስት አጠገብ!»

«እማሆይ፣ ወጡ እኮ የጾም ነው» አለች ጓደኛዬ።

«አፍሽም ይጹም!»

«እሺ ይጾማል። መጀመሪያ ግን ይህን ይዩልኝ።»

አሳየናቸው። ሁለቱንም ደግመን አሳየናቸው። እማሆይ ወደ ሙዳዩ ሄደው ቄጠማውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸውን አይተው በቀሚሳቸው ጠረጉት። «ያከበርኩ መስሎኝ ነበር» አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለግድግዳው።  በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ሙዳዩ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል፤ ቄጠማውም ወለሉ ላይ ተጎዝጉዟል። 

ጓደኛዬ ያን ቀን እስከ ምሳ እንኳ አልታገሠችም። እርጥብና ደረቅ ጧፍ ይዛ፣ እኔን ደግሞ ለምስክርነት እየጎተተች አማቷ ዘንድ ሄደች። አማቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። የሰው እጅ ስለማያምኑ ፈትላቸውን ራሳቸው ይፈትላሉ፤ ጧፋቸውንም ቤታቸው፣ ምድጃቸው ሥር ይሠራሉ።

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

«ሥራ ፈትተሽ ነው?»

«ሥራዬን ነው ይዤ የመጣሁት።»

ከምድጃው ፍም ወስዳ ለኮሰቻቸው። አንዱ ተንጣጥቶ ጠፋ፤ ሌላው ነደደ። እየተቻኮለች አስረዳቻቸው፤ ሙዳዩን፣ ቄጠማውን፣ ጤዛውን፣ የነጠላዋን ዘርፍ ሳይቀር። «አዩ? እጄ አንድ ነው፣ ሰሙም አንድ ነው። ውሃው ነው እንጂ እመቤታችን አልጠላችኝም።»

አሮጊቷ የሚነደውን ጧፍ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። እንዝርታቸው ቆመ።

«የኔስ?» አሉ።

«የእርስዎ ምን ሆነ?»

«የኔ እስከ ጣቴ ነዷል። ሁላችሁም አይታችኋል።» ድምፃቸው አነሰ። «የኔስ ደረቅ ስለሆነ ነው የነደደው?»

ጓደኛዬ የሚነደውን ጧፍ ዝቅ አደረገች።  ስንት ቀን ሙሉ ጧፍ ለምን ይጠፋል ብለን ጠይቀናል፤ ጧፍ ለምን ይነዳል ብለን ግን አንድ ጊዜም አልጠየቅንም። የጠየቅነው የራሳችንን ብቻ ነበር።

«ንገሪኛ» አሉ አማቷ። «ለሁሉ መልስ ያለሽ ነሽ።»

«ደረቅ ስለሆነ ነው፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ልጄ?»

«ጧፉ አያውቅም» አለች ጓደኛዬ። «የእርስዎም አያውቅም፤ የኔም አያውቅም።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። እንዝርቱን ወደ ቅርጫቱ መለሱ፤ ፈትሉን በጥንቃቄ ጠቀለሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጓደኛዬ ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ራሷንም ጉልበታቸው ላይ አደረገች። ከዚያ በፊት ሁለቱን እንዲያ ተጠጋግተው አይቼ አላውቅም። እኔ ወጥቼ ጽዱ ሥር ቆምኩ። ባናሳያቸው ይሻል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።  አንድ ቀን ይሻል ነበር እላለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ እነዚያ ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት ሁለት የተለያየ ልቅሶ ከሚያለቅሱ ይህ ይሻላል እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ የካ ስለመውረድ የተናገረ የለም። ጓደኛዬ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ፈትል እየገመደች በሐሳብ ትሄዳለች፤ ገመዱ ይወፍርባታል።

«ጧፍ ካላወቀ የሚያውቅ ሰው አለ» አለች አንድ ጠዋት። «አብሮት ወንዝ የተሻገረ፣ አብሮት የበላ ሰው ይኖራል። እኔ እዚህ ተቀምጬ የምጠብቀው ለምንድን ነው?»

«ሴት ብቻዋን?» አሉ እማሆይ።

«ስንቅ የሚሸከሙ ሴቶች ከመስቀል በኋላ ይወርዳሉ። ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ።»

«አገሩን ታውቂዋለሽ?»

«እጠይቃለሁ።»

እማሆይ ምንቸቱን አማሰሉ። «ይሄንስ ትችይበታለሽ» አሉ።

በሶውን የፈጩላት አማቷ ናቸው። ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ የተቆላውን ሽንብራ በየከረጢቱ ቋጠሩላት። «ይህን ለሱ፣ ይህን ላንቺ» እያሉ ይለያሉ፤ ቆይተው ይደባልቁታል። የሄደች ቀን ዝናቡ ቆሟል፤ ከእኛ ዳገት እስከ የካ ድረስ ሜዳው ቢጫ በቢጫ ነበር። ከተሸካሚዎቹ ኋላ ቀረት ብላ ያዘችኝ።

«አንቺም ነይ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። እኔ ስለፈልፍ አንቺ ታስቢያለሽ፤ መንገዱ ያጥርልናል።»

ሳቅሁ። እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥለዋቸው የሚሄዱ ሴት አይደሉም። ያንን አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «ቢሆንም ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ሳልጠይቅሽ ብሄድ መንገድ ላይ ያሳክከኛል።» ጉንጬን ስማኝ ቁልቁለቱን ሮጠች። ሸክሟ ጀርባዋ ላይ ሲዘል፣ አንዷ ተሸካሚ ስትቆጣትና እሷ ስትመልስላት ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ድምፁ ከጽዱ ኋላ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውሃው ወረደ። መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ጠጅ ቤቱ ሁሉ ተከተለ። በቀዝቃዛ ጠዋት ከዚህ ሆኜ ሳይ የፍል ውሃው እንፋሎት ከጎጆዎቹ ጭስ ጋር ሲወጣ ይታየኛል። ከብቱ አለቀ፤ ረኃቡም አልፎ ሄደ። እንጦጦ ላይ የቀረነው ደብሩን የምናገለግልና መሄጃ የሌለን ነን። ጽዱ ተቆርጦ ዳገቱ ተራቁቷል። ሰፈፍ እንደ ድሮ አይመጣልንም፤ የጓደኛዬ አባት ከየካ ጥቂት ጥቂት ሰም ያመጣልኛል። የሴት ልጁን ነገር አንሥተን አናውቅም። ሰሙን አስቀምጦ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረውን በርጩማ አንድ ጊዜ አይቶ ይሄዳል።

እማሆይ አሁን አያዩም። እሳቱን በጆሮ ነው የሚከታተሉት። «ምንቸቱ ፈላ» ይሉኛል እኔ ገና ሳላየው፤ ልክ ናቸው።

የምናፍቃት እሷን ነው፤ ግን እሷን ብቻ አይደለም። የኅዳር ማር ሰም ከሌላው ለምን እንደሚነጣ ሳስብ፣ ሰሙ በብርድ ለምን እንደሚሰነጠቅ ሳስተውል ራሴን ቀና አደርጋለሁ። አጠገቤ ማንም የለም። ሐሳቡ እንደተነሣ ይቀመጣል። «አንድም» ስል «ሌላስ?» የሚለኝ ሰው ነው የሚናፍቀኝ። ብቻዬንም እሞክራለሁ፤ ፈትል አደርቃለሁ፣ አረጥባለሁ፣ አወፍራለሁ፣ አቀጥናለሁ። አንዳንዱን ደርሼበታለሁ። ስደርስበት ግን ዞር ብዬ የማሳየው ባለመኖሩ ደስታው ግማሽ ይሆንብኛል።

ስለ እሷ ምንም ወሬ አልመጣም። ስለ እሱም አልመጣም።

አማቷ አሁን በጣም አርጅተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ። ጧፍ ማብራት አልተዉም፤ ሲያበሩ ግን እሳቱን አያዩም። ሥዕሏን ብቻ ያያሉ። አንድ ቀን እጄን ይዘው «እኔ እግሬ ሞቷል» አሉኝ። «ከደቡብ የሚመለሱት ወደ ሰላሌም ወደ ቡልጋም ሲያልፉ በዚህ ዳገት ነው የሚያልፉት። ማን ይጠይቅልኛል?»

ከእኔ ሌላ ሰው ቢኖር እሱን ይልኩ ነበር። ዳገቱ ራስ ላይ ሄጄ ቆምኩ። የመጀመሪያው መንገደኛ መጣ፤ አንድ ሽማግሌ ወታደር በቅሎ እየሳበ። ሳልጠይቀው አልፎኝ ሄደ።  መንገዱን ዘወር እስኪል ጠብቄ እንደ እብድ ተከትዬው ሮጥኩ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኛ፣ ልጄ። ወንዙ ጎድሏል፤ መንገዱም ሰላም ነው። ሌላ ምን ቀረሽ?»

ነገርኩት። መልኳን፣ ቁመቷን፣ የወረደችበትን ወቅት፣ ወሬ እንደማትጨርስ። አላየኋትም አለ። እግሬ ሊመለስ ነበር፤ ግን «አላየኋትም» የመጀመሪያው መልስ ነው። ስንቅ የሚሸከሙ ሴቶች የሚያርፉት የት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከእሱ በኋላ ማን እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ከዚያ ማዶ ማን እንደሰፈረ ጠየቅሁት።

«የዳኛ ልጅ ነሽ እንዴ?» አለና ሳቀ። ቢሆንም በቅሎውን አቁሞ አንድ በአንድ መለሰልኝ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በሆነ ቀን ሁሉ እዚያ እቆማለሁ። ፊቴ አሁንም ይቀላል። እጠይቃለሁ ግን። ከዚያ ወርጄ አሮጊቷ ደጃፍ እቀመጣለሁ።

«ምን አሉ?» ይሉኛል።

«አላየንም አሉ፣ እሜቴ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንዱ ነጋዴ ግን በደቡብ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ከዘማቾቹ ብዙ ሰው ሰፍሯል አለኝ። ሴቶችም እንዳሉ ሰምቷል፤ ራሱ አልደረሰም። ከዚያ የሚመጣ ወንድም አለው፤ በሚመጣው ገበያ ያልፋል።»

ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«ከሴቶቹ ኦሮምኛ የምትናገር እንዳለች ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅሁም።»

«እሱን ጠይቂያ» ይሉኛል። «እንጀራቸውን በምን ሥራ እንደሚያገኙም ጠይቂ።»

«እሺ፣ እጠይቀዋለሁ» እላቸዋለሁ፤ ወደ ሰም ሥራዬም እመለሳለሁ።